ድጎማ ያለበት ነፋስ፤ ከአዳማ ኮረብታ እስከ ሱስዋ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ከከተማዋ አስቀድሞ የሚያየው ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ አንድ 34 ተርባይን አለው፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ሲደመሩ 204 ሜጋ ዋት። ስለ እነሱ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ነፋስ ነዳጅ አይጠጣ፣ ታዲያ መብራቱ ለምን በነጻ አይሆንም?

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ መልሱ የኤሌክትሪክ ገበያን ጠባይ ይዟል። የናፍጣ ጄኔሬተር ሲገዙት ርካሽ፣ ሲያስነሱት ውድ ነው። ተርባይን ግን ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል የሚወጣው ገና አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ሳያመነጭ ነው። ስለዚህ የነፋስ ኃይልን ዋጋ ከነፋሱ ይልቅ የሚወስነው የተሠራበት ገንዘብ በስንት ወለድ እንደተገኘ ነው።

አዳማ ሁለትን እናስላው። ግንባታው 345 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር፣ ቀሪው ከመንግሥት። 153 ሜጋ ዋቱ በዓመት የሙሉ አቅሙን 35 በመቶ ቢያመርት 469 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ጠቅላላ ወጪው በ20 ዓመት እኩል እኩል እየተከፈለ ይመለስ እንበል። ወለዱ 2 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 21 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 4.5 የአሜሪካ ሴንት። ወለዱ 8 በመቶ ሲሆን ክፍያው 35 ሚሊዮን፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱም 7.5 ሴንት ይደርሳል። የግል ባለሀብት አፍሪካ ውስጥ በሚጠይቀው ዓይነት ሒሳብ፣ በ12 በመቶ፣ ወደ 9.8 ሴንት ይወጣል። የጥገናና የሠራተኛ ወጪ እዚህ ውስጥ አልገባም። ወለዶቹም ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፣ የውሉ ቁጥሮች አይደሉም።

ተርባይኑም ነፋሱም ሳይለወጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ወጣ። በመንግሥት ዋስትና በርካሽ የተገኘ ብድር ከ3 እስከ 5 ሴንት የሚደርስ ድጎማ ነው ማለት ነው፣ በጀት ላይ «ድጎማ» ተብሎ ባይጻፍም። ሁለተኛው ድብቅ ድጎማ ምንዛሪ ነው። አዳማ ሁለት ሲመረቅ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ ያ 4.5 ሴንት 90 ሳንቲም ማለት ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩን 130 ብር ብንወስደው እዚያው 4.5 ሴንት 5 ብር ከ85 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለዓመታት በ0.273 ብር ሲያገኝ የኖረው ደንበኛ ይህን ልዩነት አልከፈለም። የተሸከመው መንግሥት ነው።

ይህ ሁሉ ድጎማ ታዲያ ውድድርን ያበላሻል ወይ? የእኛ አስተያየት ድጎማው ከመኖሩ ይልቅ የሚሰጥበት መንገድ ይወስናል የሚል ነው። እንዲህ የምንልበትን ምክንያት ለማየት መጀመሪያ እውነተኛ ገበያ ወዳለበት አገር መሄድ ያስፈልጋል።

የአንድ ሰዓት ጨረታ

እንደ ጀርመንና ቴክሳስ ባሉ ገበያዎች ማመንጫዎች ለእያንዳንዱ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለሩብ ሰዓት፣ ዋጋ ያቀርባሉ። ገበያው ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ ይደረድራቸውና ፍላጎቱ እስኪሞላ ይወስዳል። የመጨረሻው የገባው ማመንጫ ያቀረበው ዋጋ ለሁሉም ይከፈላል።

በልብ ወለድ ቁጥር እንሥራው። ፍላጎቱ 1,000 ሜጋ ዋት ነው። 400 ሜጋ ዋት የውኃ ኃይል በ20 ዶላር፣ 400 የጋዝ በ60፣ 200 የናፍጣ በ150 ቀርቧል፤ ዋጋው ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ የገበያው ዋጋ 150 ይሆናል። የጋዝ ማመንጫው የነዳጁን 60 ከፍሎ በየሜጋ ዋቱ 90 ያተርፋል፤ በሰዓት 36,000 ዶላር። ይህን እንደ ንጹሕ ትርፍ ማየት አይገባም፤ የባንክ ዕዳውና የሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ነው።

አሁን በድጎማ የተተከለ 300 ሜጋ ዋት ነፋስ በዜሮ ዋጋ ይግባ። ናፍጣው ይወጣል፣ ከጋዙም የሚፈለገው 300 ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው ወደ 60 ይወርዳል። የሸማቹ ሒሳብ በአንድ ሰዓት ከ150,000 ወደ 60,000 ዶላር ወረደ። የጋዝ ማመንጫው ግን የነዳጁን ብቻ አግኝቶ ትርፉ ዜሮ ሆነ። ሥራውን ባያበላሽም፣ ባይሰንፍም ከሰረ።

ሌላ 300 ሜጋ ዋት ነፋስ ብንጨምር ጋዙም ይወጣል፤ ዋጋውን የሚወስነው ውኃው ይሆናል፣ 20 ዶላር። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ይመጣል። 300 ሜጋ ዋት ነፋስ በ60 ዶላር 18,000 ያገኝ ነበር፤ 600 ሜጋ ዋቱ በ20 ዶላር የሚያገኘው 12,000 ነው። ተርባይኑ እጥፍ ሆነ፣ ገቢው ቀነሰ። ነፋስ ሲነፍስ ለሁሉም ባንዴ ስለሚነፍስ ነፋስ የራሱን ዋጋ ይበላል። «ታዳሽ ኃይል ርካሽ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ድጎማ አያስፈልገውም» የሚባለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የማምረቻ ወጪው ቢወርድም የሚሸጥበት ሰዓት ዋጋ አብሮት ይወርዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የታወቀ ነው። ጋዙ ከስሮ ከተዘጋ ነፋስ በማይኖርበት ምሽት ማን ይተካል? መንግሥት ጋዙ እንዳይዘጋ «ባትሠራም ለመኖርህ እንክፈልህ» ብሎ የአቅም ክፍያ ይጀምራል። አንዱ ድጎማ ሌላውን ወለደ ማለት ነው። ብሪታንያ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአቅም ጨረታ የምታካሂደው በከፊል ለዚህ ነው።

ዋጋው ከዜሮ በታች ሲወርድ

ሌሊት ነው፤ ፍላጎቱ 500 ወርዷል፣ ነፋሱ 600 እያመነጨ ነው። ጤነኛ ገበያ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ይደርስና ትርፍ የሆነው ተርባይን ይቆማል። አሜሪካ ግን ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፋስን የምትደጉመው በየኪሎ ዋት ሰዓቱ ለአሥር ዓመት በሚታሰብ የታክስ ቅናሽ ነው። ቅናሹ በሜጋ ዋት ሰዓት 25 ዶላር ከሆነ ተርባይኑ ሲቆም 25 ዶላር ያጣል። ስለዚህ 24 ዶላር ከፍሎም ቢሆን ማመንጨቱ ያዋጣዋል። ዋጋው ከዜሮ በታች ይገባል፤ ሻጭ ለገዥ ይከፍላል። ቴክሳስ ምዕራብ ውስጥ ነፋስ ሲበረታ ይህ የተለመደ ነበር።

በዚያ ሰዓት የሚጎዳው ቶሎ መቆም የማይችለው ነው፦ የኑክሌርና የድንጋይ ከሰል ማመንጫ። አጥፍቶ ለማስነሳት ብዙ ሰዓትና ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅበት እየከሰረ ይሠራል።

ጀርመን የተከተለችው መንገድ ደግሞ ከአሜሪካ የባሰ የዋጋ ምልክት የሚያጠፋ ነበር። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ለ20 ዓመት ቋሚ ዋጋ ሰጠ፤ ገበያው 100 ይሁን ከዜሮ በታች 50 አምራቹ የሚያገኘው ያው ነው። የፀሐይ ፓኔል የሰቀለ ገበሬ ስለ ሰዓት ዋጋ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። በቋሚው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሸማቹ ሒሳብ ላይ ተጫነ፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ለኪሎ ዋት ሰዓት 6.88 የዩሮ ሳንቲም ደረሰ። ኃይል በብዛት የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች አብዛኛው ስለተነሳላቸው ጭነቱ ያረፈው ቤተሰቡና ትንንሹ ድርጅት ላይ ነው። ክፍያው በሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) ቀርቶ ወደ መንግሥት በጀት ዞረ። የድጎማው ቅርስ ግን አልጠፋም፦ ዋጋ ከዜሮ በታች የወረደባቸው ሰዓታት በ2023 (እ.ኤ.አ.) 301፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) 457 ደርሰዋል። ከየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሚተከሉ አዳዲስ ፓኔሎች በእንዲህ ያለ ሰዓት ክፍያው እንዲቆም ተደርጓል።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ቋሚ ዋጋ ይቅር፣ በገበያው ዋጋ ላይ ጭማሪ ይሰጥ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስና 300ውን ነፋስና 400ውን ጋዝ አንድ ኩባንያ ይያዛቸው። ኩባንያው «ተበላሽቷል» ብሎ 200 ሜጋ ዋት ጋዝ ቢደብቅ 100 ሜጋ ዋት ናፍጣ መግባት ግድ ይሆናል፣ ዋጋውም ከ60 ወደ 150 ይዘላል። በቀረው 200 ሜጋ ዋት ጋዝ 18,000 ዶላር ያተርፋል። ነፋሱ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ከዚያ ሌላ 27,000 ይጨመርለታል፤ በቋሚ ዋጋ ውል የታሰረ ከሆነ ግን ከነፋሱ ምንም አይጨመርለትም። የማጭበርበሩ ሽልማት 45,000 ወይስ 18,000 የሚለውን የሚወስነው የድጎማው ቅርጽ ነው። ቋሚ ዋጋ የሰዓት ምልክትን ይገድላል፣ የገበያ ጭማሪ ለትልልቆቹ ጉልበት ይሰጣል። ከሁለቱም የጸዳ መድኃኒት የለም።

አሁን ብዙ አገር የያዘው መካከለኛው የልዩነት ውል ነው። ብሪታንያ እንዳደረገችው የውል ዋጋ በጨረታ ይቆረጣል፤ ገበያው ከዚያ በታች ሲሆን ልዩነቱ ለአምራቹ ይከፈላል፣ በላይ ሲሆን አምራቹ ይመልሳል። ጨረታው ሠርቷል፦ የባሕር ላይ ነፋስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለሜጋ ዋት ሰዓት ከ114 ፓውንድ በላይ የነበረው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ጨረታ ወደ 40 ፓውንድ ገደማ ወርዷል።

የእኛ ጨረታ አንድ ቀን ብቻ ነው

እኛ ዘንድ የሰዓት ገበያ የለም። ድሮ «መብራት ኃይል» የምንለው ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለደንበኛው ያከፋፍላል። የግል አምራች ቢመጣ የሚሸጠው ለአንድ ገዥ ነው። ውድድር የሚኖረው ውሉን ለመውሰድ በጨረታው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 20 ዓመት ውል ነው።

በዚያ አንድ ቀን የሚሆነውን ጋድና ዲቼቶ አሳይተውናል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሳዑዲው ኩባንያ አክዋ ፓወር እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑትን ሁለት የፀሐይ ማመንጫዎች ለኪሎ ዋት ሰዓት በ2.526 ሴንት አሸነፈ። ቁጥሩ በመላው አፍሪካ ተወራ። ከእሱ በፊት በ2017 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያኑ ኩባንያ ኢኔል የመራው ጥምረት ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የመተሐራን 100 ሜጋ ዋት አሸንፎ ነበር። ዋጋው ተነገረ፣ ፎቶው ተነሣ፣ ፓኔሉ ግን በተባለው ጊዜ አልተተከለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዋጋ ሊቀርብ የሚችለው አብሮት የሚመጣ ጥቅል ሲኖር ነው፦ ርካሽ ብድር፣ የክፍያ ዋስትና፣ የተዘጋጀ መሬት፣ ብርን ወደ ዶላር ለመቀየር የሚሰጥ ቃል። እነዚህ ሁሉ ድጎማዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ስትጎድል ባንኩ ገንዘቡን አይለቅም፣ ዋጋውም ወረቀት ላይ ይቀራል። ጨረታ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ዝቅተኛውን ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ማየት ያለበት ተጫራቹ ፋይናንሱን የሚዘጋበት ቀን ውሉ ውስጥ መኖሩን፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚወረስ በቂ ማስያዣ መቀመጡንና ዕድሉ ለሁለተኛው ተጫራች የሚያልፍበት መንገድ መከፈቱን ነው። ማስያዣው ትንሽ ሲሆን ጨረታ ማሸነፍ ለተጫራቹ ነጻ ሎተሪ ይሆናል፤ ፓኔል ከረከሰ ይገነባል፣ ካልረከሰ ይተዋል። በዚህ መሐል በ4 ሴንት ሊሠራ ይችል የነበረው ጠንቃቃ ተወዳዳሪ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል።

ሌላዋ አንቀጽ «ብትወስድም ባትወስድም ትከፍላለህ» የምትለዋ ናት። ትምህርቱ ያለው ኬንያ ነው። የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ፣ 365 ተርባይንና 310 ሜጋ ዋት፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዝግጁ ሲሆን እስከ ሱስዋ የሚወስደው መስመር ያለቀው በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። በመካከሉ ላልደረሰ ኃይል ኬንያ ከፍላለች።

ሱስዋ ደግሞ የእኛም መስመር የሚያርፍበት ጣቢያ ነው። ከወላይታ ሶዶ የሚነሳው 1,045 ኪሎ ሜትር፣ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እዚያ ያበቃል፤ ከኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኃይል በ6.5 ሴንት ይሸጥበታል። አንድ ሰብስቴሽን ላይ ሁለት የተደጎሙ ኃይሎች ተገናኙ፦ አንዱ በመንግሥት ብድርና ግድብ፣ ሌላው በ20 ዓመት ውል። የኢትዮጵያ ኃይል ረክሶ ቢቀርብ እንኳ ኬንያዊው ገዥ ነፋሱን አቁሞ መግዛት አያዋጣውም፣ ለነፋሱ መክፈሉ አይቀርምና። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በሰዓት የሚገበያዩበት ገበያ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚጋጨው ከእንዲህ ያሉ የቆዩ ውሎች ጋር ነው። አንዱ አገር ሌላውን «መንግሥት በሚከፍልልህ ብድር ታወዳድረኛለህ» ብሎ ቢከስ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ለነፋሱ የሚከፈለው በየትኛው ወር ነው?

አገራችን ውስጥ አንድ ነገር የአውሮፓውን ሒሳብ ይለውጠዋል። ከላይ ውኃን 20 ዶላር ብለነዋል፤ በእውነቱ የግድብ ውኃ ቋሚ ዋጋ የለውም። በነሐሴ ግድቡ ሞልቶ ውኃ በማፍሰሻ በር ሲወጣ ከአዳማ የሚመጣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያድነው ነገር የለም። በሚያዝያ ግድቡ ሲጎድል ያው ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ጠብታ ውኃ ያስቀምጣል፤ ያ ውኃ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ምጣድ ሁሉ በሚለኮስበት ሰዓት፣ ይለቀቃል። ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ ስለሆነ ከውኃው ጋር ተደጋጋፊ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጉዳይ የበለጠ ክብደት አለው፤ ትልቅ ግድብ ትልቅ ባትሪ ነው።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዋጋ የሚከፍል ውል ይህን ልዩነት አያይም። ባለሀብቱ ተርባይኑን ለጥገና የሚያቆመው በክረምት ይሁን በበጋ ለገቢው ልዩነት የለውም፣ ለአገሩ ግን ብዙ ነው። የበጋ ዋጋና የክረምት ዋጋ ለይቶ መጻፍ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ጥገናውን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ለመግፋት ያ ብቻ ይበቃል።

ትልቁ ድጎማ ቆጣሪው ላይ ነው

ስለ አምራቹ ድጎማ ይህን ያህል ካልን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ውድድርን ከሁሉ በላይ የሚጫነው የሸማቹ ድጎማ መሆኑን መዝለል አይቻልም። አዳማ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጣሪያው ላይ ሶላር ለመስቀል ያስብ። አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል እዚህ በዓመት 1,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ያለ ባትሪ ተከላው 800 ዶላር ቢፈጅና ገንዘቡ በ15 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢገኝ ኪሎ ዋት ሰዓቱ 8 ሴንት፣ ማለትም ወደ 10 ብር ከ40 ይመጣል። ከድሮው ታሪፍ ጋር ይህን ማወዳደር ቀልድ ነው። ፓኔል ሻጩ የተሸነፈው ከሳንቲም ከማይሻል ታሪፍ ጋር ስለተፎካከረ ነው።

ሆኖም ፓኔል ሲሰቀል እናያለን። ምክንያቱ መብራት ሲሄድ የሚነሳው ጄኔሬተር ነው። ጥሩ የሚባል ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ሊትሩ 120 ብር ቢሆን 36 ብር ነው። ሶላር የሚፎካከረው ከናፍጣ ጋር ነው፣ ከመስመሩ ጋር አይደለም። እዚህ ላይ ገዥዎች በብዛት የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፦ ተራ ኢንቨርተር መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መስመር ላይ ለሚሠራ ሠራተኛ ደኅንነት ሲባል የተሠራው እንደዚያ ነው። ባትሪ ወይም ከጄኔሬተር ጋር ተናብቦ የሚሠራ መሣሪያ ካልተጨመረ፣ ለመብራት መጥፋት የተገዛው ፓኔል መብራት በጠፋ ሰዓት ሥራ ፈቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ወደ ወጪው በተጠጋ ቁጥር የጣሪያው ሒሳብ ይለወጣል። ፓኪስታን ውስጥ ታሪፍ ሲወደድና ፓኔል ሲረክስ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 17 ጊጋ ዋት ገደማ ፓኔል ገብቷል፤ ቀድመው የወጡትም አቅም ያላቸው ደንበኞች ናቸው። አዳማም ላይ ፋብሪካው ቀን ከጣሪያው፣ ማታ ከመስመሩ መጠቀም ሲጀምር መስመሩና ትራንስፎርመሩ እንደነበሩ መቆየት አለባቸው፤ የሚሸጥላቸው ኪሎ ዋት ሰዓት ግን ይቀንሳል። ክፍያው በኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ከተሰላ፣ የመስመሩ ወጪ ለቀሩት ይከፋፈላል። ከቀሩት አንዱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ ነው፤ ካርድ እየሞላ የሚጠቀም፣ ፓኔል የሚሰቅልበት ጣሪያ የሌለው።